ለአለቃዬ ስም ልስጥ ወይስ ዕድገቴን ልርሳ?

በዚህ ወር የመረጥኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከዩኒቨርሲቲ መምህራን የመጡ ናቸው። ፀጉሬ የሸበተው የአፈር ሳይንስ ሳስተምር ነው። የኮሌጃችን የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜም ለዓመታት የሰው ፋይል አገላብጫለሁ። ጎበዝ መምህር በአንዲት የጎደለች ወረቀት ሲቀር ማየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የእሷ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ነው።

ጥያቄ

ይድረስ ለዶክተር፣

በክልል ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ሌክቸረር ነኝ። ማስተርሴን ይዤ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዘንድሮ ሦስት የተለያዩ ኮርሶች አሉኝ። የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎችም ተሰጥተውኛል። ከማስተርስ ጥናቴ አንድ አርቲክል ጽፌ ጨርሻለሁ። የዲፓርትመንት ሃላፊያችን ሲያዩት «ጥሩ ነው፣ ስሜን ሁለተኛ ላይ አስገቢና ላኪው» አሉኝ። ጥናቱን ስሠራ ጭራሽ አላውቃቸውም ነበር። ነገር ግን የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ላይ አንድ ጆርናል በኢሜይል ጋብዞኛል። 120 ዶላር ከከፈልኩ በአምስት ቀን አወጣልሻለሁ ይላል። ጓደኞቼ «ለዕድገት ይሆናል፣ አውጪውና ተገላገይ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ሌክቸረሯ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ አለሽ። ሦስት ኮርስ እያስተማሩ አርቲክል መጨረስ ቀላል አይደለም።

ስማቸውን አታስገቢ። ለጆርናሉም ብር አትላኪ። አሁን ምክንያቱንና መንገዱን ልንገርሽ።

ደራሲ ማን ነው የሚለው በግምት የሚመለስ ነገር አይደለም። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አስቀምጧል። ብዙ የጤናና የሥነ ምግብ ጆርናሎችም የሚከተሉት ይህንን ነው። አንደኛ፣ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ስብሰባ ወይም በትንተናው ላይ ትልቅ ድርሻ መኖር። ሁለተኛ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም ቁም ነገር ባለው መንገድ ማረም። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ማጽደቅ። አራተኛ፣ ነገ ጥያቄ ቢነሳ አብሮ ተጠያቂ መሆን። ልብ በይ፣ አንዱን ማሟላት አይበቃም። አራቱም አንድ ላይ ነው የሚፈለጉት። ሃላፊሽ በዚህ ጥናት ውስጥ አንዱም የላቸውም። የማስተርስ አማካሪሽ ግን ንድፉን አብረውሽ ካወጡና ጽሑፉን ካረሙ ይገባቸዋል። እሳቸውን ሳታማክሪ አትላኪ።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዕድገት ሕግ አንድ አርቲክል የሚያስገኘው ነጥብ በደራሲዎቹ ብዛትና ቅደም ተከተል ይከፋፈላል። ማከፋፈያው እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ያላግባብ የገባ አንድ ስም ግን የአንቺን ወይም የአማካሪሽን ድርሻ ይቆርሳል። ሰው ይህን የሚያውቀው ለዕድገት ሲያመለክት ነው። ያኔ ደግሞ የታተመ ነገር አይመለስም።

አዎ፣ ያስፈራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ነው ያደግነው። ይሉኝታም አለ። ቢሆንም እምቢታን በአክብሮት ማቅረብ ይቻላል። እኔ ብሆን ቢሯቸው ሄጄ እንዲህ እላለሁ፦ «ጥናቱ እዚህ ከመቀጠሬ በፊት ከአማካሪዬ ጋር የተሠራ ነው። የደራሲዎቹ ነገር ያኔ ያለቀ ነው። የእርስዎን አስተያየት ግን በጣም እፈልገዋለሁ። ውይይት የሚለውን ክፍል ቢያዩልኝ ምስጋና ላይ ስምዎን አሰፍራለሁ።» ከዚያ ጽሑፉን በኢሜይል ላኪላቸው። አስተያየት ከሰጡ በእውነት አመስግኛቸው። ካልሰጡም በጽሑፍ የጠየቅሽበት ማስረጃ ቀረልሽ።

ቀጥሎ ደግሞ በር ክፈቺላቸው። ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ለምርምር ፕሮፖዛል ጥሪ ያወጣሉ። ለሚቀጥለው ጥሪ ከሃላፊሽ ጋር አንድ ጥናት ከባዶ ጀምሩ። ማን ምን እንደሚሠራና የስም ቅደም ተከተሉ ምን እንደሆነ ገና ፕሮፖዛሉ ላይ ተጻጻፉ። ብዙ ሃላፊዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። የራሳቸው የዕድገት ጊዜ በስብሰባ ተበልቶባቸዋል። በአዲሱ ጥናት እውነተኛ ሥራ ከሠሩ ስማቸው ይገባል፣ አንቺም አታጉረመርሚም።

ስለ አፈጻጸም ግምገማው ብዙ አትጨነቂ። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግምገማው ከተማሪ፣ ከባልደረባና ከሃላፊ የሚሰበሰብ ነው። የሃላፊው ድርሻ ብቻውን አይጥልሽም። ውጤቱ ሲደርስሽ ኮፒውን ያዢ። ድንገት ያለ ምክንያት ወርዶ ካየሽው በጽሑፍ ምክንያቱን ጠይቂ።

ወደ ጆርናሉ ልመለስ። ኮሚቴ ውስጥ የሚሆነውን ላሳይሽ። የአመልካቹ አርቲክል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንዱ አባል ላፕቶፑን ከፍቶ ስኮፐስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች መዝገብ የጆርናሎች ዝርዝር ያወጣል። የሚፈልገው ግን በጆርናሉ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጆርናል በሚሰጠው መለያ፣ በአይኤስኤስኤን ቁጥሩ ነው። የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው የውሸት ድረ ገጽ የሚከፍቱ ስላሉ ስም አይታመንም። ቁጥሩ ከተገኘ ጆርናሉ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ዝርዝሩ ላይ እንደተመዘገበ ያያል። ስኮፐስ በጥራት ምክንያት የሚያቋርጣቸው ጆርናሎች አሉ። «ስኮፐስ ውስጥ ነን» የሚል ጆርናል ድሮ ነበረበት ማለት ይሆናል፣ አንቺ ያወጣሽበት ዓመት ግን ላይኖር ይችላል። ሌላው አባል ደግሞ የአርቲክሉን የመጀመሪያ ገጽ ይገልጣል። ከርዕሱ ሥር ጽሑፉ የደረሰበት ቀንና ተቀባይነት ያገኘበት ቀን ታትሟል። በመሃል ያለው አራት ቀን ብቻ ከሆነ ሁሉም ይተያያል። ለእውነተኛ ግምገማ ሁለት ሰው ፈልጎ ማግኘት ብቻ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ያን አርቲክል የሚከራከርለት አባል አይገኝም።

ይህ ያለ እውነተኛ ግምገማ በገንዘብ የማሳተም ንግድ ዓለም አቀፍ ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዴንቨር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረው ጄፍሪ ቢል የእንዲህ ያሉ አሳታሚዎችን ዝርዝር ሲያወጣ ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ አንስቶታል። ኦሚክስ የተባለውን የሕንድ አሳታሚ ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከሶት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖበታል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ጽሑፎችን በባለሙያ ሳያስገመግም «ተገምግመዋል» ማለቱ ነው። ክፍያውን ደብቆ ጽሑፉን ከተቀበለ በኋላ መጠየቁም ሌላው ነው። አንቺን የጋበዘሽ ኢሜይል ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ካለው ጥፊው።

እና የት ልላክ ትይኛለሽ። ሥነ ምግብ ስለሆነ አገር ውስጥ ጥሩ ቤት አለሽ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ሳይንስስ የጤና ምርምር ጽሑፎች በሚፈለጉበት በፐብሜድ መዝገብ ይገኛል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ማኅበር ደግሞ ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ዴቨሎፕመንትን ያሳትማል። ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው። የአገር ውስጥ ጆርናል ያንሳል የሚለውን ወሬ አልወደውም። እኛው አንብበን፣ እኛው ገምግመን ካላሳደግናቸው ማን ያሳድግልናል? ከመላክሽ በፊት ግን የዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ቢሮ ሄደሽ ዕውቅና የተሰጣቸውን ጆርናሎች ዝርዝር ጠይቂ። የዘንድሮውን ዝርዝር ማለቴ ነው።

ውጭ መላክ ከፈለግሽም ዶላር መንገድ አይዝጋብሽ። ብዙ ትላልቅ አሳታሚዎች እንደ እኛ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ጸሐፊዎች የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ። የብዙዎቹ ደንብ ግን ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ እንዲቀርብ ነው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ «ብር የለኝም» ብትይ ላይሰሙሽ ይችላሉ። ለንባብም ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ፕሮግራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የሱ አካል ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ከተመዘገበ በሺህ የሚቆጠሩ ጆርናሎችን በነፃ ታነቢያለሽ። የይለፍ ቃሉ ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ነው። ሄደሽ ተቀበይ።

አሁን ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው ዕድገት የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ዛሬውኑ አንድ ቦክስ ፋይል ግዢ። የቅጥር ደብዳቤሽ ከላይ ይቀመጥ። ሌክቸረር የሆንሽበት ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከሱ ሥር የየሴሚስተሩ የሎድ፣ ማለትም የማስተማር ሥራ ምደባ፣ በሃላፊና በዲን የተፈረመው። ከዚያ የግምገማ ውጤቶችሽ። ከዚያ ኮሚቴ ውስጥ የተመደብሽባቸው ደብዳቤዎች። የማኅበረሰብ አገልግሎት ስትሰጪ፣ ለምሳሌ በጤና ጣቢያ ለእናቶች ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስታስተምሪ፣ በዕለቱ ደብዳቤ አጽፊ። ቀን፣ ቦታና ማህተም ይኑረው። ከሦስት ዓመት በኋላ ብትሄጂ የጤና ጣቢያው ሃላፊ ተቀይሯል፣ አንቺን የሚያስታውስ ሰውም የለም። ዲፓርትመንታችሁ ፋይልሽን ይይዛል ብለሽ አትመኚ። ሃላፊ ይቀየራል። ቢሮ ይዛወራል። ኮምፒውተር በቫይረስ ይበላሻል። ኮሚቴ ስሠራ በጣም ያዘንኩባቸው ሰዎች ሥራውን ሠርተው ወረቀቱን ያልያዙት ናቸው።

የዩኒቨርሲቲሽን የሴኔት ሌጅስሌሽን፣ የውስጥ ሕጉን ማለቴ ነው፣ አንብበሽ ታውቂያለሽ? ብዙ ሰው አያነበውም። ሁሉንም ሳይሆን የደረጃ ዕድገት የሚለውን ክፍል ብቻ። ከረዳት ምሩቅ እስከ ፕሮፌሰር ያለው መሰላል እዚያ ተጽፏል። ለየእርከኑ የሚያስፈልገው የአገልግሎት ዘመን፣ የግምገማ ውጤትና የአርቲክል ብዛትም አለ። ፒኤችዲ ያለው ሰው ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል። በማስተርስ ብቻ ወደዚያ ለመውጣት ደግሞ በሌክቸረርነት የቆየሽበት ዘመንና ያሳተምሽው ይታያል። ለትምህርት ስትወጪ ዘመኑ ለአገልግሎት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን በዚያው ፈልጊ። ሰው ሁሉ ቡና ላይ የሚያወራው ከአሮጌው ሕግ ነው። አንቺ አዲሱን ያዢ።

ሎዱስ? ሦስት የተለያየ ኮርስ ለአንድ ወጣት ብዙ ነው። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ምደባው ከመውጣቱ በፊት አንዱን ኮርስ በሁለት ሴክሽን እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሰዓቱ ያው ነው፣ ዝግጅቱ ግን በሲሶ ይቀንሳል። የቅዳሜና እሑዱን ክፍያ እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። የመምህር ደሞዝ ምን እንደሚገዛ እኔም አውቃለሁ። ከቻልሽ ግን ከሁለቱ ቀን አንዱን ለጽሑፍ አስቀሪ።

ጥያቄ

ለዶክተር፣

በኢንጂነሪንግ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ፒኤችዲዬን በደቡብ ኮሪያ ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ካመለከትኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። መጀመሪያ «ለውጭ ገምጋሚዎች ተልኳል» ተባልኩ። ዲኑ ሲቀየሩ አዲሱ «ፋይልህን አላገኘሁትም» አሉኝ። አንድ ጓደኛዬ ገምጋሚዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ልደውልላቸው ይለኛል። ኮሪያ እያለሁ ያሳተምኳቸውንም አልቆጠሩልኝም። መብቴ የት ድረስ ነው?

የዘገየበት

መልስ

ወንድሜ፣ ጓደኛህን አስቁመው። ዛሬውኑ። የውጭ ግምገማ ዋጋ የሚኖረው ገምጋሚው በነፃነት ሲጽፍ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ከተደረገና ከተሰማ ሥራህ ሁሉ ይጠረጠራል። አንተ ቀና ብለህ የሠራኸውን በአንድ ጥሪ አታጥፋ።

የቃል ጥያቄም ተው። ዲኑ ቢሮ ቆመህ የጠየቅከው የትም አይመዘገብም። አጭር ደብዳቤ ጻፍና በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ። ኮፒህ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመታ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ፋይሌ አሁን ማን ዘንድ ነው? ለገምጋሚዎች የተላከው በምን ቀን ነው? መልስ ካልመጣ ኮሌጁ መቼ ሌላ ገምጋሚ ይተካል? ስለ ግለሰብ ምንም አትጻፍ። ቅሬታ የሚመስል ቃልም አይኑረው።

ፋይሉ ጠፍቶ ከሆነ ካለህ ኮፒ ሙሉውን እንደገና አስገባ። ታዲያ በመሸኛው ላይ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ቀንና ቁጥር ጥቀስ። ምክንያቱም የዕድገቱ ቀን ከማመልከቻው ይቆጠር ወይስ ከጸደቀበት የሚለው በሌጅስሌሽናችሁ ላይ የተወሰነ ነገር ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት ለቀጣዩ ዕድገትህና ለደሞዝህ ትርጉም አለው።

መልስ ካጣህ በደረጃ ውጣ። ከኮሌጁ የአካዳሚክ ኮሚሽን ወደ አካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያ ወደ ሴኔት። እስከ ተባባሪ ፕሮፌሰር ያለው ማዕረግ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያልቃል። የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ብቻ በሴኔቱ አቅራቢነት በቦርድ ይጸድቃል። ሁሉም ዝም ካሉህ የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። እዚያ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁህ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለውን ደረጃ ጨርሰህ መምጣትህን ነው። የገቢ ቁጥር ያላቸው ደብዳቤዎችህ ያኔ ይናገሩልሃል።

የኮሪያዎቹ ነገር ሌላ ነው። በተለምዶ ለዕድገት የሚቆጠረው ካለፈው ማዕረግ በኋላ የታተመው ነው። ተማሪ ሳለህ ያወጣሃቸው ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን ያበቃህ የፒኤችዲው አካል ናቸው። እንደገና ለተባባሪነት ይቆጠሩልኝ ማለት ያስቸግራል። ከተመለስክ በኋላ የታተመ ካለና የደራሲው አድራሻ ላይ የአሁኑ ዩኒቨርሲቲህ ከሰፈረ ግን ተከራከርበት። ወደፊት ከቀድሞ አማካሪህ ጋር ስታሳትም የዩኒቨርሲቲህን ስም መጻፍ አትርሳ። ኮሪያ ያለው ላብራቶሪ መሣሪያ ስላለው ብቻ አንተ ሁልጊዜ አራተኛ ስም ላይ እንዳትቀር ደግሞ አደራ። እዚህ ባለው መሣሪያ የሚሠራ የራስህ ጥያቄ ይኑርህ። የግንባታ ጭቃም ሆነ የወንዝ ደለል፣ ኮሪያ ውስጥ የማይገኝ ነገር በእጅህ ነው።

ጥያቄ

እትዬ፣

አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የሕብረተሰብ ጤና አሲስታንት ፕሮፌሰር ነኝ። ቴንየር ትራክ ላይ፣ ማለትም ወደ ቋሚ የሥራ ዋስትና በሚያደርሰው የሙከራ ቅጥር ላይ፣ አራተኛ ዓመቴ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ልጅ ወልጃለሁ። ሰዓቱን፣ የሙከራ ዘመኔን ቆጠራ ማለት ነው፣ ለአንድ ዓመት ማቆም ትችያለሽ ተብያለሁ። አንድ ባልደረባዬ ግን «ደካማ ያስመስልሻል» አለኝ። በዲፓርትመንቱ ያለሁት ሐበሻ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለአፍሪካ ተማሪዎች፣ ለብዝኃነት ኮሚቴ፣ ለቅጥር ኮሚቴ ሁሉ እኔ ነኝ የምጠራው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ደግሞ «ፒኤችዲውን ጨርሰሽ፣ ሥራ ይዘሽ፣ አሁን ምን ፈተና ቀረሽ?» ትለኛለች። እንዴት ላስረዳት?

ባለ ሕፃኗ

መልስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እናትሽን እንዳስረዳት ፍቀጂልኝ፣ ከዚያ ወደ አንቺ እመጣለሁ።

እማማ፣ እንደ እኔ ዕድሜ ካለዎት 1985 ዓ.ም.ን ያስታውሳሉ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ። ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ከነሱ አንዱ ነበሩ። አስተማሪ የሚያምንበትን ስለተናገረ ከሥራው እንዳይነቀል፣ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ሥርዓት ማንም እንዳያባርረው አሜሪካኖች ያበጁት ዋስትና ቴንየር ይባላል። የመምህራን ማኅበራቸውና የኮሌጆች ማኅበር በ1940 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት መግለጫ የሙከራ ዘመኑ ከሰባት ዓመት መብለጥ የለበትም ይላል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በስድስተኛው ዓመት ፋይሉን ያስገባል። ካለፈ ዋስትናውን ያገኛል። ካልተሳካለት ብዙ ጊዜ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተሰጥቶት ይሰናበታል። ልጅዎ የቀራት ፈተና ይኸው ነው። አራስ ሆና ነው የምትሠራው። ስትደውልልዎት ያበርቷት።

አሁን ወደ አንቺ። ሰዓቱን አስቁሚ። የዩኒቨርሲቲው ደንብ የሰጠሽ መብት ነው። ድካም አይደለም። ሕፃን ያለው ቤት ውስጥ መረጃ ሲተነተን ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ የወለደ ያውቀዋል። ስትቀበይው ግን በጽሑፍ ይሁን። ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ። አንደኛው አዲሱ የማመልከቻ ዓመት ነው። ሁለተኛው ለውጭ ገምጋሚዎች የሚላከው ደብዳቤ ተጨማሪውን ዓመት እንዳይቆጥሩብሽ የሚነግር መሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ካልተጻፈ ገምጋሚው ሰባት ዓመት ቆጥሮ የሰባት ዓመት ሥራ ይጠብቃል።

የሦስተኛ ዓመት ግምገማሽ ደብዳቤ በእጅሽ አለ አይደል? አውጥተሽ እንደገና አንብቢው። «መልካም ነው» ከሚሉት አንቀጾች ይልቅ «እናበረታታለን» የሚሉት ላይ አተኩሪ። በዚያ ቋንቋ ማበረታታት ማለት የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ስለ ምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ከተጻፈ ቀሪ ጊዜሽ ወደዚያ ይሂድ።

ኮሚቴዎቹን በተመለከተ ሁልጊዜ እምቢ የምትይው አንቺ አትሁኚ። የዲፓርትመንት ሊቀመንበርሽን አንድ ቀን ቁጭ አድርገሽ ያሉሽን ኮሚቴዎች ሁሉ ጽፈሽ አሳዪ። ከቴንየር በፊት ሁለቱን ብቻ እንድትይዢና የቀሩትን እሱ ወይም እሷ እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። የአፍሪካ ተማሪዎቹን አትጣያቸው፣ አውቃለሁ አትችይምም። እነሱን ማማከር ግን ሥራ ነው። እንደ ሥራ በአገልግሎት ዝርዝርሽ ላይ በሰዓትና በስም ይጻፍ። አብዛኛው ሰው ይህን እንደ ደግነት ቆጥሮ ሳይጽፈው ያልፋል፣ ያሳዝነኛል።

የውጭ ገምጋሚዎችሽ የድሮ አማካሪሽና አብረውሽ ያሳተሙ ሰዎች መሆን አይችሉም። እንግዲህ አብሮሽ ያልሠራ ግን ሥራሽን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል። ኮንፈረንስ ላይ ሄደሽ በፓናል ተናግረሽ ከተመለስሽ በኋላ ለሁለት ሦስቱ አርቲክልሽን ላኪላቸው። ከሕፃን ጋር መጓዝ ከከበደሽ ብዙ ማኅበራት በኦንላይን የሚሰጡት ክፍል አላቸው። ቅርብ ያለ አንድ ጉባኤም ይበቃል።

ሰዓት ማስቆሚያውን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከወሊድ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልጠየቁት ያልፋል። የእናንተን የመምህራን መመሪያ ከፍተሽ ቀኑን ዛሬ ማታ እዪ። ለሊቀመንበርሽ ነገ ጠዋት ኢሜይል ጻፊ፣ ለዲኑ ቢሮ ግልባጭ አድርጊው።